አራት ሜትር ተኩል በሰባት ሜትር ተኩል

በአዴ ዲንቂቱ ቀብር ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ አንድ ገጽ ከግማሽ ነበር። ያነበበው የወንድማቸው ልጅ ነው። ድምፁ የተረጋጋ ነበር፤ ወረቀቱንም የአዳማ ነፋስ እንዳይነጥቀው በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞታል። እኔ ከእድሩ ሴቶች ጋር ከኋላ ቆሜ፣ የሥራ ንድፍ እንደሚመረምር ሰው እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር አዳመጥሁ። የትውልድ ቦታቸው ትክክል ነው። የልጆቻቸው ስም ትክክል ነው። «በስኳር ፋብሪካ ለሠላሳ አንድ ዓመት በቅንነት አገልግለዋል» የሚለውም፣ በምን ሙያ እንዳገለገሉ ባይናገርም፣ ሐሰት አይደለም። ከዚያ ግን እንዲህ የሚል ተከተለ፦ «በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ ቀሪ ዘመናቸውን በመኖሪያ ቤታቸው በዕረፍት አሳልፈዋል።»

ይህ ስሕተት ነው።

ሙያዬ የሕንፃ ንድፍ ነው። በወረቀት ላይ የተሳሳተ ነገር ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። በመቃብር አፍ ላይ ቆሞ የሐዘንተኛ ንባብ ማቋረጥ ደግሞ ነውር ነው፤ ስለዚህ በዚያች ሰዓት ዝም አልሁ። ዝምታው ግን አልተዋጠልኝም። እርማቱን እዚህ እጽፈዋለሁ። አዴ ዲንቂቱ ከጡረታ በኋላ አላረፉም። በግቢያቸው ጀርባ፣ እኔ በነደፍሁት ነገር ግን እሳቸው በለኩት ቤት ውስጥ፣ ስድስት ዓመት ከሰባት ወር በቶርኖ ብረት ሲቀርጹ ኖረዋል። ከመታመማቸው በፊት በነበረው ቅዳሜ እንኳ ለአንድ የጭነት መኪና ዘንግ የሚያልፍበት ሁለት ቡሽንግ አውጥተዋል። ያ ሾፌር ከቀብሩ ላይ ነበር፤ እሱም እንደ እኔ አቀርቅሮ ሰማ።

ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛው የአክብሮት መጥሪያ «አዴ» ይላቸዋል። ስማቸውን ብቻ ጠርቶ የሚያናግራቸው ከእድሜ እኩያና ከዘመድ በቀር አልነበረም። አጭር ሴት ነበሩ፤ የእጃቸው አንጓ ግን የወንድ ያህል ወፍራም ነው። መነጽራቸውን በጫማ ክር ከማጅራታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ያስሩታል። ነጠላ ሲለብሱ ጫፉን አያንዘላዝሉም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እንኳ በወገባቸው ላይ ይቋጥሩታል። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ «የተንዘላዘለ ነገር ማሽን ይወዳል» አሉኝ። የጋብቻ ቀለበታቸውን በሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ነበር የኖሩት። ባላቸው በሕይወት ሳሉ በዚህ ነገር ቅር ይላቸው እንደነበረ ጠይቄ፣ «ቀለበቱን ከመውደድ ጣቴን መውደድ ይሻለዋል ብዬ ነግሬዋለሁ፤ ገብቶት ነበር» ብለው መለሱልኝ።

ንግግራቸው አጭር ነበር። ከሁሉም አብልጠው የሚደጋግሙት «ማሽን ይሉኝታ አያውቅም» የሚለውን ነው። ሁለተኛው «ሚሊሜትር ዘመድ የለውም» ነው። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ ጭነው የሚወጡ ሾፌሮች መንገድ ላይ አንድ ነገር ሲሰበርባቸው ወደ እሳቸው ይመጡ ነበር፤ መጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሁሉ ያው አንድ ዓይነት ነገር ያጋጥመዋል።

«አዴ፣ ትንሽ ቢላላም ግድ የለም። መንገድ ላይ ነኝ እኮ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ትንሽ ነዋ።»

«እንግዲያው ሂድና ‹ትንሽ› የሚል ቁጥር ያለበት መለኪያ ፈልገህ ና። እስከዚያ እኔ በያዝኩት እሠራለሁ።»

ሾፌሩ ይሥቃል፤ ጥላ ፈልጎም ይቀመጣል። ሥራው ሲያልቅ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሮ ልክ ሆኖ ሲገባለት፣ ከእንግዲህ ሌላ ቦታ እንደማይሄድ ፊቱ ላይ ይነበባል።

ቢሮዬ የመጡት ከጡረታ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጎረቤታሞች ብንሆንም ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበረንም፤ እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ካለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ የተገነጠለ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። በጀርባው የግቢያቸው ልክ በእርሳስ ተጽፎበታል።

«ጋራዥ ንደፊልኝ» አሉ።

«መኪና አለዎት እንዴ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ጋራዥ ለምን?»

«ጋራዥ የሚበቃው መኪና ለሌለው ሰው ነው። መኪና ያለውማ ለራሱ መቆሚያ አይተርፈውም።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፋብሪካው አሮጌ ማሽኖቹን ሲያስወግድ፣ እሳቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆሙበትን ቶርኖ ገዝተውታል። ማሽኑ በግቢያቸው ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ሁለት ክረምት አልፎበታል። «ሰማይ ሲያጉረመርም ቤቴ ያፍስ አያፍስ ትዝ አይለኝም፤ ሸራውን ነው የማየው» አሉኝ። ማሽኑ ዝጎ ከመሞቱ በፊት ጣሪያ ያስፈልገዋል። ከዚህ በላይ ያልነገሩኝን በኋላ ነው የተረዳሁት፦ ያ ቤት ካልተሠራ አዴ ዲንቂቱ የቀራቸው ነገር በረንዳ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚ ማየት ብቻ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ከዚያ ይልቅ መሞትን ይመርጡ ነበር።

ንድፉን በአራት ቀን ጨረስሁ። ሦስት ሜትር በስድስት። የአንድ የቤት መኪና ማቆሚያ የተለመደ ልክ ነው፤ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ተምሬዋለሁ። ማሽኑን በአንደኛው ግድግዳ፣ የሥራ ጠረጴዛውን ከማዶው፣ መደርደሪያውን ከኋላ አደረግሁ። መስመሮቹ የጠሩ ነበሩ፤ እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር። አዴ ዲንቂቱ ወረቀቱን በብርሃን በኩል አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ቆንጆ ነው» አሉ። ከዚያም ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላልሰው፣ «እኔ የት ነው የቆምኩት?» አሉኝ።

በማሽኑና በጠረጴዛው መካከል ያለውን ክፍት ቦታ አሳየኋቸው።

«ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነይ» አሉ። «ጠፍጣፋ ጫማ አድርጊ።»

በማግሥቱ ስደርስ እኔ የነደፍሁት ቤት በግቢያቸው ጀርባ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። በችካልና በሲባጎ ወጥረው፣ መስመሩን በኖራ አስምረው፣ ሦስት ሜትር በስድስቱን በሙሉ ልኩ አውጥተውታል። ቶርኖው የሚቆምበትን ቦታ በካርቶን ቆርጠው አንጥፈዋል። የሥራ ጠረጴዛው የተገለበጡ የለስላሳ ሣጥኖች ነው፤ በላዩም ብረት ጠፍንጎ የሚይዘው ሞርሳ እንዳለ ይታሰባል። ስድስት ሜትር የውኃ ቧንቧ አንሥተው ጫፉን አስያዙኝ።

«በይ አስገቢው።»

በኖራው መካከል በተተወው በር ገባሁ፤ ዞርሁ።

«ግድግዳውን መታሽ» አሉ።

ወደ ኋላ ተመለስሁና በሌላ በኩል ሞከርሁ።

«አሁን ደግሞ ጠረጴዛውን። ሞርሳው እግርሽ ላይ ወደቀ።»

ሦስተኛ ሞክሬ ቧንቧውን መሬት ላይ አስቀመጥሁት። ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነጭ ሆኗል።

«በወረቀትሽ ላይ ይገባ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ፤ ማሾፋቸው አልነበረም።

«በወረቀቴ ላይ ቧንቧ አልነበረም» አልሁ።

«አዎን። ለመኪና ነው የነደፍሽው። መኪና ይገባል፣ ይቆማል፣ ይወጣል። ሰው ግን ያጎነብሳል፣ ይዞራል፣ ዕቃ ከእጁ ያመልጠዋል፣ ይናደዳል። ለመናደጃ የሚሆን ቦታም ተዪልኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአሥራ አንድ ቀን፣ አዴ ዲንቂቱ በየማለዳው ሽርጣቸውን ታጥቀው በኖራው ቤት ውስጥ ሥራ ገቡ። የሌለ ብረት ከሌለ መደርደሪያ ያወርዳሉ፤ በሌለ ማሽን ላይ ያስራሉ፤ የሌለውን እጀታ ያዞራሉ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ይቃኛሉ። ክርናቸው መስመር በነካ ቁጥር መስመሩን ይጠርጉና በእፍኝ ኖራ ወደ ውጭ ያወጡታል። እኔ ወደ ቢሮ ከመሄዴ በፊት እየገባሁ አዲሱን ልክ እመዘግባለሁ። የጎረቤት ሴቶች በአጥሩ ላይ ይንጠላጠላሉ።

«አካም ቡልታን፣ አዴ። ምን እየሠሩ ነው?» ትላለች አንዷ፣ በኦሮምኛ ደህና አደሩ ብላ።

«የመኪና ሻፍት።»

«ሻፍቱ የታለ?»

«መቼ አለቀና።»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ይሥቃሉ። እሳቸው ቀና ብለው እንኳ አያዩም። በሦስተኛው ቀን «አዴ ዲንቂቱን ፀሐይ መታቻቸው» የሚል ወሬ ከገበያ ሰማሁ። በአምስተኛው ቀን ይህንኑ ወሬ ራሳቸው ነገሩኝ፤ ጨምረውም፣ «ወፍጮ ቤት ሲሠራ ማንም ገብቶ ለክቶት አያውቅም፤ ለዚህ ነው ሴቱ ሁሉ ጆንያ ይዞ እየተጋፋ የሚቆስለው» አሉ።

በእነዚያ ማለዳዎች የተማርሁትን በአምስት ዓመት ትምህርት አላገኘሁትም። በማሽን ላይ የቆመ ሰው ከጀርባው ዘጠና ሳንቲ ሜትር ያስፈልገዋል፤ ከባድ ነገር ታቅፎ የሚዞር ከሆነ አንድ ሜትር ከሃያ። የሥራ ጠረጴዛ ከፍታ በመጽሐፍ ሳይሆን በሠሪው ክርን ይለካል። የሚስለው ማሽን ፍንጣሪው ወደ ውጭ እንዲሄድ በበሩ ጥግ ይሆናል፤ ዘይትና ጨርቅ ከእሱ ይርቃሉ። ቶርኖው ከግድግዳው ጋር ትይዩ መቆም የለበትም፤ ረጅም ዘንግ በማሽኑ ራስ ቀዳዳ አልፎ በግራ በኩል ስለሚወጣ፣ ያ ራስ ወደ በሩ እንዲያይ ጠመም ተደርጎ ይተከላል። በዚህኛው ላይ ተከራክሬያቸዋለሁ።

«ሲታይ ያስጠላል» አልሁ።

«ለማን?»

«ለሚያየው ሰው።»

«የሚያየው ሰው ምን ሊሠራ ይመጣል?»

በሩም አከራክሮናል። እኔ የከሰዓቱን ፀሐይ ሽሽት ወደ ምሥራቅ አድርጌው ነበር፤ በእኛ ከተማ ግን ነፋሱ አቧራውን ይዞ የሚመጣው ከዚያው ነው። በሩን ወደ ምዕራብ አዞሩት። «ፀሐይ ታቃጥልና ትጠልቃለች። አቧራ ግን ብረት ውስጥ ገብቶ ይቀራል» አሉ። በአሥራ አንደኛው ቀን የኖራው መስመር መንቀሳቀሱን አቆመ። ለካሁት፤ አራት ሜትር ተኩል በሰባት ሜትር ተኩል ሆነ።

አሁን ወደማልኮራበት ነገር ደረስሁ። ሳልጽፈው ባልፍ ግን የሌላውን ሰው ወረቀት ማረሜ ከንቱ ይሆናል።

የአዴ ዲንቂቱ ልጅ ግርማ በሞጆ ደረቅ ወደብ የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው፤ የሚኖረውም እዚያው ሞጆ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ እናቱን ይወዳል። በዚያ በስተጀርባ ባለው መሬት ላይ የኪራይ ክፍሎች የመሥራት አሳብ ነበረው። የመሬቱ ስፋት ዘጠኝ ሜትር ነው። የእናቱ ቤት ሦስት ሜትር ከሆነ ሁለት የኪራይ ክፍል ይተርፋል፤ አራት ተኩል ከሆነ ግን አንዱ ይቀራል። አንድ ቀን ቢሮዬ መጣና ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ሰናይት፣ እህቴ፣ እኔ ብላት አትሰማኝም። አንቺ ባለሙያ ነሽ። ከሦስት ሜትር በላይ ሕጉ አይፈቅድም በያት። ለሷው ነው።»

ሕጉ እንደሚፈቅድ አውቃለሁ። ከአጥር መተው ያለበት ርቀት ከተጠበቀ፣ የሚከለክል ነገር የለም። ግን የሰፈራችን ልጅ ነው፤ በሐዘናችንም በደስታችንም አብሮን ነው፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እንቢ ማለት አቃተኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ማታ ስመለስ አዴ ዲንቂቱ ደጃፍ ቆምሁና፣ ማዘጋጃ ቤቱ ለጋራዥ ከሦስት ሜትር በላይ ስፋት እንደማይፈቅድ ነገርኋቸው። ይህን ስናገር የነበረኝ ድምፅ፣ ልኩ የማያጠራጥር ነገር ስናገር ያለኝ ድምፅ ነበር።

መነጽራቸውን አውልቀው በሽርጣቸው ጠረጉ።

«እሺ» አሉ።

በማግሥቱ በአጥሩ ሳልፍ ወደ ውስጥ አየሁ። መስመሩን አላጠበቡትም። አራት ሜትር ተኩሉ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ነፋስ የበተነውን ጥግ አዲስ ኖራ ጨምረውበታል፤ እሳቸውም በመካከሉ ቆመው የሌለውን እጀታ ያዞራሉ። በሚቀጥሉት ቀናት በሌላ መንገድ ወደ ቢሮ ሄድሁ።

በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ግርማ ሦስት ሽማግሌ ይዞ መጣ። አንደኛው የእድራችን ዳኛ አባ ጋዲሳ ናቸው። ሁለተኛው ጋሽ ወርቁ፣ የአዴ ዲንቂቱ ባል ታናሽ ወንድም። ሦስተኛው የብረታ ብረት ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን ሐጂ ሁሴን። እኔንም «ባለሙያዋ ትኑር» ብሎ አስጠራኝ። ለምን እንደተጠራሁ አውቃለሁ። በአዴ ዲንቂቱ ግቢ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ወንበር ተደርድሮ ተቀመጥን።

«አካም ጅርታ፣ ዲንቂቱ?» አሉ አባ ጋዲሳ።

«ደህና ነኝ፣ አባ ጋዲሳ። ግን ሽማግሌ ሲመጣ ደህና ያልሆነ ነገር እንዳለ አይጠፋኝም።»

ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እንነጋገር። ዕድሜሽን ሙሉ ከብረት ጋር ስትታገዪ ኖርሽ፤ ማንም አልነካሽም። አሁን ደግሞ በደጅሽ? ሰው ምን ይላል? ልጆቿ አልጦሯት ብለው ነው ይላል።»

«ሰው ምን እንደሚል ሠላሳ አንድ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ወርቁ። ስገባ ‹ሴት ደግሞ ቶርኖ ላይ?› አለ። ስወጣ ‹እሷን ማን ይተካታል?› አለ። የሰው ሥራው ማውራት ነው፤ ይበል።»

«አዴ» አሉ ሐጂ ሁሴን፣ «እኔ የመጣሁት ለእርቅ ነው። ግን ቤቱ ከተሠራ የበሩን ብረት ከኔ እንደሚወስዱ ተስፋ አለኝ።»

«ሐጂ፣ ሽምግልና ነው ገበያ?» አሏቸው ጋሽ ወርቁ።

«ሁለቱም ሰው ያስማማል።»

አባ ጋዲሳ እየሣቁ እጃቸውን ወደ ግርማ ዘረጉ። ግርማ ተነሣ። «እኔ ማሽኑን አልከለከልኩም» አለ። «ቤቱም ይሠራ። ሦስት ሜትር ይሁን ነው ያልኩት። ደግሞም የኔ ፈቃድ አይደለም፤ ሕጉ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ይኸው ሰናይት አለች፣ ጠይቋት።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ወደ እኔ ዞሩ። አዴ ዲንቂቱ ግን አላዩኝም፤ ዓይናቸው ከኖራው ላይ ነበር። በአፌ ውስጥ የተዘጋጀ ዐረፍተ ነገር ነበረኝ፦ «እንደ መመሪያው አተረጓጎም ይለያያል» የሚል። ማንንም የማያስቀይም፣ ማንም የማይከሰኝበት ዐረፍተ ነገር። ሃያ ዓመት በቢሮ ውስጥ እንዲህ ያለውን ስፈጥር ኖሬያለሁ።

«ሕጉ ይፈቅዳል» አልሁ። «ከአጥሩ የሚተወው ርቀት ከተተወ አራት ተኩልም ይፈቅዳል። አይፈቅድም ብዬ ለአዴ ዲንቂቱ የነገርኳቸው ዋሽቼ ነው።»

ግርማ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አባ ጋዲሳ በከዘራቸው መሬት ጫር ጫር አደረጉ።

«ሐሙስ ዕለት ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ጠይቄያለሁ» አሉ አዴ ዲንቂቱ፣ አሁንም ሳያዩኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልሁ።

«ሥራ ያበላሸ ሰው ራሱ ለክቶ እስኪያገኘው ይጠበቃል። ሌላ ሰው ከለካለት ተመልሶ ያበላሻል።» ከዚያም ተነሡ። «ኑ፣ ሽማግሌዎች። ተቀምጦ አይታይም።»

ሦስቱንም ወደ ኖራው ቤት ወሰዷቸው። አባ ጋዲሳን በካርቶኑ ፊት፣ ቶርኖው ላይ፣ አቆሟቸው። ሐጂን ከሣጥኖቹ ዘንድ ሞርሳው ላይ፣ ጋሽ ወርቁንም በመካከል ቧንቧውን አስታቅፈው አቆሙ። ሦስት ሰው፣ ሁሉም እንደ ልብ። ከዚያ ከዳር ያሉትን ሁለት ችካሎች ነቅለው፣ የወጠሩትን ሲባጎ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ አስገብተው ተከሉ። ሣጥኖቹንም በእግራቸው እየገፉ ከአዲሱ መስመር ጋር አስጠጉ፤ ሐጂም አብረው ተገፉ።

«ይኸ ሦስት ሜትር ነው። አሁን ሥሩ።»

ጋሽ ወርቁ ቧንቧውን ይዘው ሊዞሩ ሞከሩ። የቧንቧው ጫፍ የአባ ጋዲሳን ባርኔጣ አወረደው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሽምግልና ነው ወይስ ድብደባ?» አሉ አባ ጋዲሳ፤ ባርኔጣቸውን ለማንሣት ጎንበስ ሲሉም ከሐጂ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተጋጩ።

«ሐጂ፣ ክርንዎ ማሽን ውስጥ ነው» አሉ አዴ ዲንቂቱ።

«ግራው ነው ቀኙ?»

«ቀኙ።»

«በቀኜ ነው ገንዘብ የምቀበለው። መልሱልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ። አዴ ዲንቂቱ አልሣቁም። ግርማም አልሣቀም። ተነሥቶ ወደ ሲባጎው ቀረበ፤ ድምፁ ተለውጦ ነበር።

«እማዬ፣ የክፍሎቹ ኪራይ አይደለም ያስጨነቀኝ። እኔ ሞጆ ነኝ። ብቻሽን ነሽ። ሁለት ክፍል ሙሉ ተከራይ ካለ፣ ብትወድቂ የሚያነሣሽ ሰው ግቢ ውስጥ አለ። ብትወድቂስ? ማን ያይሻል?»

ይህን ከዚያ በፊት ለማንም አልተናገረም ነበር። አዴ ዲንቂቱ ልጃቸውን በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩት።

«እወድቃለሁ» አሉ። «ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አልወድቅም ብዬ አልዋሽህም። በረንዳ ላይ ተቀምጬም እወድቃለሁ። ግን ሰው እስኪያነሣኝ ድረስ ያለውን ነገር አስብ። በሦስት ሜትር ውስጥ ብወድቅ አንገቴ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ነው። በአራት ተኩል ውስጥ መሬት ላይ ነው። መሬት ከሆነ ራሴ እነሣለሁ። ስፋቱን የጠየቅሁት ለማሽኑ መስሎህ ነበር?»

ግርማ ጎንበስ አለና አንዱን ችካል ነቀለ፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ሲባጎውን ይዞ ወደ ውጭ ሄደና ቆመ።

«የት ጋ ነበር?» አለ።

«ለካ» አሉት።

የኪሴን ሜትር አውጥቼ ሰጠሁት። በጉልበቱ ተንበርክኮ ለካ፤ በድንጋይ መትቶ ተከለ፤ ወደ ማዶው ሄዶም እንዲሁ አደረገ። አዴ ዲንቂቱ ሄደው በሲባጎው አቅጣጫ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተመለከቱ።

«ይኸኛው ሁለት ሳንቲ ሜትር ይጎድለዋል።»

ግርማ ነቅሎ በሁለት ሳንቲ ሜትር አወጣው።

ጋሽ ወርቁ ቧንቧውን በጥንቃቄ አስቀመጡ። ሐጂ ልብሳቸውን አራገፉ። አባ ጋዲሳ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ምርቃታቸውን በኦሮምኛ እያወረዱ፣ ወደ ወንበራቸው ለመመለስ በቀጥታ አቋርጠው መራመድ ጀመሩ። አንድ እግራቸው ኖራው ላይ አርፎ ነበር።

«አባ ጋዲሳ» አሉ አዴ ዲንቂቱ፣ «በግድግዳ አይወጣም። በሩ በዚህ ነው።»

ሽማግሌው እግራቸውን አነሡ። ነጭ የሆነውን ጫማቸውን አዩ፤ ሴትዮዋን አዩ። ከዚያ ተመልሰው፣ ሌሎቹም ተከትለዋቸው፣ አንድ በአንድ በበሩ ወጡ።